ኤምኤክስ ሊኑክስ 25ን አቅሙ በደከመ ኮምፒውተር ላይ መጫን፦ ከፍላሽ እስከ ብራውዘር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕ የሌለውን ወይም ፕሮሰሰሩ ከተፈቀደው ዝርዝር ውጪ የሆነውን ኮምፒውተር አይቀበልም። በዚህ መሀል ማረፊያ ካጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ኪቦርዳቸው ይሠራል፣ ስክሪናቸው ደህና ነው፣ ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለድረ ገጽ በቂ ጉልበት አላቸው። በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ነፃ ስርዓተ ክወና፣ ኤምኤክስ ሊኑክስ 25፣ የወጣው በዚያው ሰሞን፣ በኖቬምበር 2025 ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። «ቀላል ሊኑክስ» የሚያቀለው ስርዓተ ክወናውን ብቻ ነው፤ ድረ ገጾቹን አያቀልም። ዴስክቶፑ ሲከፈት ከራሙ ላይ የሚወሰደው ትንሽ ነው። ብራውዘር ተከፍቶ አምስት ስድስት ታብ ሲደረደር ግን የትኛውም ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ቢሆን ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ መጫኑ ሲያልቅ አያበቃም። አሮጌ ማሽን እጁን የሚሰጠው ከዚያ በኋላ፣ ተጠቃሚው ቪዲዮ ሲከፍት ነው።

በዚህ ስሪት ምን ተለወጠ

መሠረቱ በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 የተባለው ሊኑክስ ነው። የመደበኛ እትሞቹ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) 6.12 ሲሆን ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚሰጣቸው አንዱ ነው። በዴስክቶፕ ገጽታቸው የሚለያዩ ሦስት እትሞች አሉት፦ ኤክስኤፍሲኢ 4.20 የያዘው፣ ኬዲኢ ፕላዝማ 6.3 የያዘው እና ፍለክስቦክስ የያዘው። ሴኪዩር ቡት የተባለው የማስነሻ ጥበቃ ሳይጠፋ መነሳት መቻሉ ለጀማሪ ጥሩ ዜና ነው፤ ከዚህ በፊት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ግድ ነበር።

መጥፎው ዜና፣ ባለ 32-ቢት እትም የለውም። ዴቢያን 13 ራሱ ለባለ 32-ቢት ፕሮሰሰር ከርነልም መጫኛም ማዘጋጀት አቁሟል። የእርስዎ ማሽን ያን ያህል አሮጌ ከሆነ ይህን ገጽ እዚህ ላይ ትተው ወደ አንቲኤክስ 23 ይሂዱ። አንቲኤክስ የኤምኤክስ የቅርብ ዘመድ ነው፣ በዴቢያን 12 ላይ የተሠራ ነው፣ ባለ 32-ቢት እትምም አለው። መጫኛው ተመሳሳይ ስለሆነ ከታች ካለው አብዛኛው ይጠቅምዎታል።

መጀመሪያ ማሽኑን ይወቁ

ዊንዶውስ ላይ ሳሉ የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያሳየውን ገጽ ይክፈቱ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ስርዓተ ክወናው ስንት ቢት እንደሆነና ፕሮሰሰሩ ስንት ቢት እንደሆነ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ «የእኔ 32 ነው» ብሎ ይመለሳል። የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ፕሮሰሰሩ 64 ከሆነ፣ ላዩ ላይ ባለ 32-ቢት ዊንዶውስ ቢጫንም ምንም ችግር የለም።

ራሙ ቢያንስ 1 ጊጋ፣ እንዲሠራበት ከተፈለገ 2 ጊጋ መሆን አለበት። እኔ እንደማየው ከ4 ጊጋ በታች ያለ ማሽን ለዛሬ ድረ ገጽ ይጨናነቃል፤ ለጽሑፍና ለሙዚቃ ግን ይበቃል። በዲስክ ላይ 20 ጊጋ ነፃ ቦታ ካለ አይጨነቁ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ፦ ዲስኩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ)? የሚሽከረከር ከሆነ፣ ገንዘብ ማውጣት የሚችሉት ለአንድ ነገር ብቻ ቢሆን በኤስኤስዲ ይቀይሩት። የትኛውም የዲስትሮ ምርጫ የዚያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

የትኛውን እትም ልውሰድ

ራሙ 2 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፍለክስቦክስን ይውሰዱ። 4 ጊጋ ካለ ኤክስኤፍሲኢን። ኬዲኢ ያማረ ነው፣ ግን ይህ መመሪያ ስለሱ አይደለም።

ፍለክስቦክስ ለለመደው ፈጣን ነው፤ ላልለመደው ግን ግር ይላል። ሜኑው የሚወጣው ባዶው ዴስክቶፕ ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ ነው፣ አንዳንድ ቅንብሮችም በጽሑፍ ፋይል ውስጥ ናቸው። ኮምፒውተሩን የሚጠቀሙበት እናትዎ ወይም ልጅዎ ከሆኑ ራሙ ትንሽ ቢሆንም ኤክስኤፍሲኢን ይጫኑላቸው። ተጠቃሚው የማይወደው ፈጣን ኮምፒውተር ተዘግቶ ነው የሚቀመጠው።

ማውረድና ማረጋገጥ

አይኤስኦ የሚባለውን ፋይል ከኤምኤክስ ሊኑክስ ይፋዊ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። መጠኑ እንደ እትሙ ከ2 እስከ 3 ጊጋ አካባቢ ነው። ከፋይሉ ጎን ሻ-256 የተባለ ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅደም ተከተል ያገኛሉ። የወረደውን ፋይል ከዚህ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን-ዚፕ ካለዎት ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርገው ሲአርሲ ሻ የሚለው ስር ሻ-256ን ይምረጡ፤ የሚወጣው ከድረ ገጹ ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉን ይሰርዙና እንደገና ያውርዱ። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው መጫኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ይህ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ፍላሹን ማዘጋጀት

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ። ፍላሹን ይምረጡ፣ ቀጥሎ አይኤስኦ ፋይሉን ይምረጡ፣ ከዚያ ጀምር ይበሉት። በዚህ ጊዜ በየትኛው ዘዴ ልጻፍ ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ዲዲ የሚለውን ይምረጡ። ሲያልቅ ዊንዶውስ ፍላሹን አያውቀውም፣ ወይም በጣም ትንሽ መጠን ያሳይና «ፎርማት ላድርገው?» ይላል። እምቢ ይበሉት። ፍላሹ አልተበላሸም፤ ዊንዶውስ የማያነበው ዓይነት አጻጻፍ ስላለበት ነው። በኋላ ፎርማት ሲደረግ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ቬንቶይ የተባለውን የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ደግሞ አይኤስኦውን እንደ ማንኛውም ፋይል ፍላሹ ላይ ገልብጦ መነሳት ይችላል።

ከፍላሽ ማስነሳት

ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ፍላሹን ሰክተው ሲያበሩት የቡት ሜኑ ቁልፉን ደጋግመው ይንኩ። በሌኖቮና በዴል አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ወይም መጀመሪያ ኢስኬፕ፣ በአሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ ነው። በአንዳንድ ኤሰር ላፕቶፖች ኤፍ12 እንዲሠራ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ መፈቀድ አለበት።

ዊንዶውስን «ዝጋ» ሲሉት ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። ፋስት ስታርታፕ የተባለው ቅንብር የከርነሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ሺፍትን ተጭነው ይዘው «ዝጋ» የሚለውን ቢነኩ በትክክል ይዘጋል።

ሜኑው ላይ የፍላሹ ስም ሁለት ጊዜ ከታየ፣ አንዱ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) የሚል ቃል ይኖረዋል። ዊንዶውሱን አጥፍተው ሙሉ ዲስኩን ሊጠቀሙ ከሆነና ማሽኑ ዩኢኤፍአይ ካለው እሱን ይምረጡ። ከዊንዶውስ ጎን ሊጭኑ ከሆነ ግን ዊንዶውሱ በተጫነበት ዘዴ መነሳት አለብዎት፤ ሁለቱ ካልተስማሙ በኋላ አንዱ ሌላውን አያየውም።

ሳይጭኑ ይፈትሹት

ከፍላሽ የተነሳው ስርዓት ሙሉ ዴስክቶፕ ነው። ተጠቃሚው ዴሞ ይባላል፣ የይለፍ ቃሉም ያው ዴሞ ነው። እስካሁን ዲስክዎ ላይ ምንም አልተነካም። እዚህ ላይ አይቸኩሉ።

ዋይፋዩን ያገናኙ። ድምፅ ያጫውቱ። የስክሪኑን ብርሃን ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ካሜራውን ይክፈቱ። የላፕቶፑን ክዳን ዘግተው ትንሽ ቆይተው ይክፈቱት፤ ከእንቅልፍ ሳይነቃ ጥቁር ሆኖ የሚቀር ላፕቶፕ ካለ አሁን ማወቁ ይሻላል። ዋይፋይ ካልታየ አሮጌ የብሮድኮም ካርድ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው በኬብል ወይም ስልክዎን በዩኤስቢ አገናኝተው ኢንተርኔት ያጋሩ፣ ከዚያ የካርዱን ድራይቨር ይፈልጉ።

ቀጥሎ የራሙን ነገር ይለኩ። ሜኑው ውስጥ የራም አጠቃቀምን የሚያሳየውን ኤችቶፕን ከፍተው በፊት ስንት እንደተያዘ ያንብቡ። ፋየርፎክስን ይክፈቱና በየቀኑ የሚገቡባቸውን ገጾች ሁሉ ይደርድሩ፤ ኢሜይሉንም፣ ቪዲዮውንም፣ ሰነድ የሚጽፉበትንም። አሁን እንደገና ያንብቡ። ይህ ቁጥር ነው የእርስዎ እውነተኛ መስፈርት፣ በማስታወቂያ ላይ ያለው ዝቅተኛ መጠን አይደለም። ከፍላሽ ሲነሳ ራሙ በመጠኑ የበለጠ እንደሚያዝና ሁሉም ነገር እንደሚዘገይ ግን ያስቡበት።

በመጨረሻ ዲስኩን ይመርምሩ። የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን ጂስማርትኮንትሮልን በፓኬጅ ኢንስቶለሩ (በኤምኤክስ የፕሮግራም መጫኛ) በኩል ለጊዜው መጫን ይቻላል። በፕሮግራሙ ውስጥ ዲስኩን ከፍተው ሪአሎኬትድ እና ፔንዲንግ የሚሉትን የሴክተር ቁጥሮች (የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስክ ክፍሎች ብዛት) ይዩ። ዜሮ ከሆኑ ደስ ይበልዎት። ፔንዲንግ የሚለው እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው። በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ሊኑክስ መጫን የሚንቀጠቀጥ መሠረት ላይ ቤት መሥራት ነው፤ ፋይሎችዎን አውጥተው ዲስኩን ይቀይሩ።

መጫን

ፋይሎችዎን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠዋል? የሚቀጥለው ሥራ ወደ ኋላ አይመለስም። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ይሰኩ። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ አይከን ይክፈቱ።

የመጀመሪያው ገጽ የኪቦርድ ምርጫ ነው። ቀጥሎ ወሳኙ ጥያቄ ይመጣል፦ ሙሉ ዲስኩን ልጠቀም ወይስ ክፍፍሉን ራስዎ ያዘጋጃሉ?

ዊንዶውሱን ለመሰናበት የቆረጠ ሰው ሙሉ ዲስክ የሚለውን ይምረጥ። ከአንድ በላይ ዲስክ ካለ ስሙንና መጠኑን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ፍላሹም እዚያው ዝርዝር ላይ ሊታይ ይችላል። ዲስኩን በስርዓቱና በግል ፋይሎች መካከል ልክፈለው ካለዎት፣ ዲስኩ ትንሽ ከሆነ አይክፈሉት። አንዱ ወገን ሞልቶ ሌላው ባዶ ሲቀር ማስተካከሉ አሰልቺ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ምስጠራ የሚል ሳጥን አለ። ተንቀሳቃሽ ላፕቶፕ ላይ ማብራቱ ተገቢ ነው፤ ቢሰረቅ ፋይልዎን ማንም አያነበውም። ሆኖም ኤኢኤስ የተባለውን ምስጠራ በራሱ የማያቀላጥፍ አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ዲስኩ በግልጽ ይዘገያል። ከ2010 በፊት የተሠሩ ኢንቴሎች ይህ የላቸውም፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ርካሾቹ ሴሌሮንና ፔንቲየም አልነበራቸውም።

ዊንዶውሱን ማስቀረት ለሚፈልግ፣ ቦታውን ከዊንዶውስ ውስጥ በዲስክ ማኔጅመንት ቀንሰው ባዶ ያስቀሩ፣ ፋስት ስታርታፕን ያጥፉ፣ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) ካለ የማስመለሻ ቁልፉን በሌላ ቦታ ይጻፉ። ከዚያ እዚህ ተመልሰው ክፍፍሉን ራሴ አዘጋጃለሁ ይበሉ። እውነቱን ለመናገር ከ128 ጊጋ በማይበልጥ ዲስክ ላይ ሁለቱን ማኖር ሁለቱንም ማስራብ ነው።

መጫኛው ዲስኩን ጨርሶ ካላየው ባዮስ ውስጥ የሳታ (የዲስክ ግንኙነት) ዘዴው ሬይድ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ወደ ኤኤችሲአይ ሲቀየር ይታያል። ዊንዶውሱ የሚቀር ከሆነ ግን በዘፈቀደ አይቀይሩት፤ መጀመሪያ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ካላዘጋጁት አይነሳም።

የስዋፕ ፋይል (ራም ሲሞላ መረጃ የሚሸሽበት የዲስክ ቦታ) መጠን ሲጠይቅ መጫኛው ያሰበውን ይተዉለት። የቡት ማስነሻው ቦታም ብዙውን ጊዜ በትክክል ነው የሚቀመጠው፤ በዩኢኤፍአይ የተነሳ ኢኤስፒ የሚለውን፣ በአሮጌው ዘዴ የተነሳ ኤምቢአር የሚለውን ይምረጥ።

መጫኛው ፋይሎቹን መገልበጥ ጀምሮ እያለ ነው ቀሪዎቹን ጥያቄዎች የሚጠይቅዎት፤ ስለዚህ ስምዎን ሲሞሉ ሥራው ከኋላ ይሄዳል። የኮምፒውተሩን ስም በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ይጻፉ። ከዊንዶውስ ጋር የሚኖር ከሆነ ሰዓቱ የአካባቢውን ጊዜ ይጠቀም የሚለውን ሳጥን ያብሩ፣ አለበለዚያ በተለዋወጡ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል። ሩት የተባለውን ሁለተኛ የአስተዳዳሪ አካውንት መክፈት አያስፈልግም፤ የራስዎ የይለፍ ቃል ይበቃል።

አንድ ሳጥን ግን አይዝለሉ። ከፍላሽ ሳሉ ያደረጓቸውን ለውጦች ላቆይ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካበሩት በሙከራው ጊዜ ያስተካከሉት ዴስክቶፕ ወደ ተጫነው ስርዓት አብሮ ይሻገራል። ከኤምኤክስ በስተቀር ብዙም የማላየው ምቾት ነው።

ሲያልቅ ሪስታርት ያድርጉ፣ ሲጠየቁ ፍላሹን ይንቀሉ።

ከተጫነ በኋላ የሚደረገው

መጀመሪያ ማሻሻያ። የማውረጃ ሰርቨሮችን የሚያስተዳድረውን የኤምኤክስ ሪፖ ማኔጀርን ከፍተው ለእርስዎ ፈጣኑን ሰርቨር እንዲመርጥ ያድርጉት። ከዚያ ታችኛው ወይም የጎኑ አሞሌ ላይ ያለው የሳጥን አይከን አረንጓዴ ሲሆን ይንኩት።

ኤክስኤፍሲኢ ላይ አሞሌው በግራ በኩል ቆሞ ነው የሚመጣው። ካልወደዱት ኤምኤክስ ትዊክ በተባለው የቅንብር መሣሪያ ውስጥ በአንድ ንክኪ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያው ውስጥ ኮምፖዚተር (የመስኮቶቹን ማስዋቢያ) የሚል ገጽ አለ፤ አሮጌ ግራፊክስ ላይ ያጥፉት። የመስኮቶቹ ጥላ ይጠፋል፣ ሌላ የሚጎድል የለም።

ቀጥሎ ዜድራም። ይህ ከራሙ ላይ የተወሰነውን ወስዶ መረጃን ጨምቆ የሚያስቀምጥበት መላ ነው። ራም ሲሞላ ወደ ዘገምተኛው ዲስክ ከመሸሽ ይልቅ እዚያው ራም ውስጥ ተጨምቆ ይቀመጣል። 4 ጊጋና ከዚያ በታች ላለው ማሽን ልዩነቱ ይታያል፣ በተለይ ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ። ሌላውን የፕሮግራም መጫኛ፣ ሲናፕቲክን፣ ከፍተው ዜድራም-ቱልስ የተባለውን ፓኬጅ ይጫኑ። እንደተጫነ ይሠራል፣ ግን መነሻ መጠኑ 256 ሜጋ ብቻ ስለሆነ ምንም አይፈይድም። የፋይል ማኔጀሩን በአስተዳዳሪ መብት ከፍተው ወደ ኢቲሲ አቃፊ፣ ከዚያ ዲፎልት ወደሚለው ይግቡና ዜድራምስዋፕ የተባለውን ፋይል ይክፈቱ። ፐርሰንት የሚለውን መስመር ይፈልጉ፣ ከፊቱ ያለውን የመሰላል ምልክት (#) ያጥፉ፣ ዋጋውን 50 ያድርጉት፣ ሴቭ አድርገው ሪስታርት ያድርጉ። ኤችቶፕ ላይ ስዋፕ የሚለው መስመር ቢያንስ በራሙ ግማሽ ያህል አድጎ ከታየ ሠርቷል ማለት ነው።

ብራውዘሩን መግራት

ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂንን ይጨምሩ። እዚህ ላይ የሚፈለገው ማስታወቂያን ከዓይን መጋረድ ብቻ አይደለም፤ ገጹ ከየቦታው የሚጎትተው ስክሪፕት ስለሚቀር ፕሮሰሰሩም ራሙም ያርፋል። አሮጌ ማሽን ላይ ከዚህ የበለጠ ነፃ ፍጥነት የለም።

ዩቲዩብ ከተቆራረጠ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔቱ አይደለም። ዩቲዩብ ቪፒ9 እና ኤቪ1 የተባሉትን አዳዲስ የቪዲዮ አቀማመጦች ይልካል። የኢንቴል ግራፊክስ ቪፒ9ን በራሱ ሙሉ በሙሉ መፍታት የጀመረው በሰባተኛው ትውልድ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ማሽን ሁሉንም በፕሮሰሰሩ ይፈታል፣ ለዚያም ነው ማራገቢያው የሚጮኸው። ኤች264 የተባለውን የቆየ አቀማመጥ ግን ከ2011 ጀምሮ የተሠሩት ያለ ድካም ይፈቱታል። ኢንሃንስድ ኤች264ፋይ የተባለው ተጨማሪ ዩቲዩብን ኤች264 እንዲልክ ያስገድደዋል። ጥራቱን 720 ላይ ያድርጉት፤ በትንሽ ስክሪን ከ1080 ጋር ያለው ልዩነት ብዙም አይታይም።

የትኛው ገጽ ራም እንደሚበላ ለማወቅ የፋየርፎክስን ሜኑ ከፍተው ተጨማሪ መሣሪያዎች ከሚለው ስር ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ የተረሳ ታብ ነው።

ፕሮግራም ሲጨምሩ በፓኬጅ ኢንስቶለሩ ውስጥ ፍላትፓክ (ከዴቢያን ማከማቻ ውጪ የሚመጡ ፕሮግራሞች) የሚል ገጽ ያያሉ። አዲስ ስሪት ለማግኘት ጥሩ ነው፣ ግን የመጀመሪያው ፍላትፓክ ትልልቅ የጋራ ፋይሎችን አብሮ ስለሚያወርድ ትንሽ ዲስክ ይሞላል። ያው ፕሮግራም በመደበኛው የዴቢያን ማከማቻ ካለ ከዚያ ይጫኑ።

አማርኛ መጻፍ

የኪቦርድ ቅንብር ውስጥ አማርኛ የሚል አቀማመጥ አለ። በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ እየጻፉ ፊደሉ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው ግን አይባስ-ኤም17ኤን የተባለውን ፓኬጅ ጭኖ፣ አይባስን የመጻፊያ ዘዴ አድርጎ መርጦ፣ ወጥቶ ይግባ። ለፊደሉ ቅርጽ የአቢሲኒካ ፎንት በዴቢያን ማከማቻ ውስጥ ይገኛል።

አልነሳ ቢል

ያንኑ ፍላሽ አይጣሉት። ከተጫነ በኋላ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ዊንዶውስ ከከፈተ፣ ወይም ባዶ ስክሪን ላይ ከቆመ፣ በፍላሹ ተነስተው ቡት ሪፔር የተባለውን የኤምኤክስ መሣሪያ ይክፈቱ፤ ማስነሻውን እንደገና ይጭነዋል። ዩኢኤፍአይ ባላቸው ማሽኖች ላይ አንዳንዴ መፍትሔው ከዚያም ይቀላል፤ ባዮስ ውስጥ ገብቶ በማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ኤምኤክስን ከዊንዶውስ በላይ ማድረግ ነው።

ሁሉም ነገር እንደሚፈልጉት ከሆነ በኋላ ደግሞ ኤምኤክስ ስናፕሾትን ይክፈቱ። ያዘጋጁትን ስርዓት እንዳለ፣ ዜድራሙንም ብራውዘሩንም የአማርኛ ኪቦርዱንም ጨምሮ፣ ወደ አንድ አይኤስኦ ፋይል ይለውጠዋል። ለሌላ ሰው የሚሰጡት ከሆነ የግል ፋይሎችንና አካውንቱን የሚያስቀረውን ምርጫ ይውሰዱ። ተመሳሳይ ሦስት አራት ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን መመሪያ በአንደኛው ላይ ብቻ ይከተልና ቀሪዎቹን ከዚያ ፋይል ይጭናል።